ለመመረቂያ ጽሑፍ የኬሞታክሲስ ሞዴል አመራረጥ፦ የአማራጮች ንጽጽር

በደብረ ብርሃን ወይም በአካባቢው ሆኖ በሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚሠራ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በኬሞታክሲስ ላይ ለማድረግ ሲወስን፣ የሚቸግረው የጽሑፍ እጥረት ሳይሆን የሞዴል ብዛት ነው። ኬሞታክሲስ ማለት ሕዋሳት ወይም ባክቴሪያዎች የአንድን ኬሚካል ክምችት ልዩነት ተከትለው የሚያደርጉት እንቅስቃሴ ሲሆን፣ ይህንን የሚገልጹት ፓርሻል ዲፈረንሻል እኩልታዎች ከክሊፎርድ ፓትላክ የ1953 ሥራ፣ በተለይም ከኤቭሊን ኬለርና ከሊ ሲገል የ1970 ጽሑፍ ወዲህ እጅግ ተባዝተዋል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአንድ ተርም (በእኩልታው ውስጥ ባለ አንድ ቁራጭ) ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሞዴሎች አንዱ በጥቂት ገጽ ማረጋገጫ ሲያልቅ፣ ሌላው በዘርፉ የታወቁ ሰዎችን ለዓመታት ያስቸገረ ሆኖ ይገኛል። ከውጭ ሲታዩ ይህ ልዩነት አይታወቅም፤ ጽሑፉ ተጀምሮ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ግን በደንብ ይታወቃል።

ስለዚህ ከታች ያለው ንጽጽር የትኛው ሞዴል “የተሻለ” እንደሆነ ለመፍረድ አልተጻፈም። ለየትኛው ጥያቄ፣ በምን ያህል ጊዜና በምን ዝግጅት የትኛው እንደሚያዋጣ ለመለየት ነው።

መመዘኛዎቹ

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ኬሚካሉን የሚያመነጨው ማን ነው የሚለው ነው። ኬለርና ሲገል መነሻ ያደረጉት ዲክቲዮስቴሊየም ዲስኮይዲየም የተባለው አሜባ ምግብ ሲያጣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ ኬሚካል ራሱ ያመነጫል፣ በዚያው ኬሚካልም እየተሳበ ይሰበሰባል፤ በተሰበሰበ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ያመነጫል። በአንጻሩ ጁሊየስ አድለር በ1966 ባሳተመው ሙከራ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ምግቡንና ኦክስጅኑን እየጨረሰ፣ ያልተነካው ወዳለበት ወደፊት ሲጓዝ ታይቷል። የመጀመሪያው ራሱን በራሱ የሚያባብስ ዑደት ነው፤ ሁለተኛው ግን ስበቱን የሚፈጥረውን ነገር ራሱ እየበላ ያዳክማል። በሒሳቡ ላይ ልዩነቱ የአንድ ምልክት ብቻ ቢመስልም፣ ውጤቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ይህንን ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ ለሰሜን ሸዋ ተማሪ ልዩ ጠቀሜታ አለው፤ ምክንያቱም የጥናቱን አስፈላጊነት ከአካባቢው ጋር ለማያያዝ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የባቄላ ሰብል ነው። በባቄላ ሥር ላይ አንጓ የሚሠራው ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ ከሥሩ በሚወጡ ኬሚካሎች መሳቡ እውነት ነው፤ ነገር ግን የኬሚካሉ ምንጭ ሥሩ እንጂ ባክቴሪያው አይደለም። በመግቢያው ላይ ባቄላን ጠቅሶ በሁለተኛው ምዕራፍ የአሜባውን ሞዴል ማስቀመጥ፣ ባዮሎጂ የሚያውቅ ገምጋሚ በመጀመሪያው ጥያቄው የሚያነሣው ጉድለት ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ዳይሜንሽን ነው፤ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ዳይሜንሽን በኬሞታክሲስ ላይ ሦስት የተለያዩ ርዕሶች ናቸው ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ሞዴሉ ከራሱ መዋቅር በነጻ የሚሰጠው ኤስቲሜት (መፍትሔውን የሚገድብ ግምት) ምንድን ነው የሚለው ሲሆን፣ ይኸውም የማይለወጥ ጠቅላላ መጠን፣ በማክሲመም ፕሪንሲፕል (መፍትሔው ከመነሻው ወይም ከድንበሩ ከፍተኛ ዋጋ አይበልጥም በሚለው ደንብ) የሚገኝ ወሰን ወይም በጊዜ የሚቀንስ የኢነርጂ ፈንክሽናል ሊሆን ይችላል። በአራተኛ ደረጃ ለተማሪው የሚሠራ ነገር የቀረ መሆኑ መታየት አለበት። የመጨረሻው ወጪው ነው፦ አስቀድሞ መወሰድ ያለባቸው ኮርሶች፣ የኮምፒውተር አቅምና የሶፍትዌር ፈቃድ። ከአምስቱ አብልጬ የምይዘው ሦስተኛውን ነው፤ በነጻ የሚሰጠው ወሰን ምን እንደሆነ ያልታወቀ ሞዴል ላይ መፈረም አይገባም።

ቀላሉ የኬለር-ሲገል ሞዴል

ሞዴሉ ሁለት እኩልታዎች አሉት። በአንደኛው የሕዋሳቱ ጥግግት በዲፊውዥን (በዘፈቀደ መሰራጨት) እና የኬሚካሉን ግራዲየንት (ክምችቱ የሚጨምርበትን አቅጣጫ) ተከትሎ በሚሄድ ፍሰት፣ ማለትም በስበት፣ ይለወጣል፤ በሁለተኛው ኬሚካሉ ይሰራጫል፣ ይፈርሳል፣ በሕዋሳቱም ይመነጫል። ኬሚካሉ ከሕዋሳቱ እጅግ ፈጥኖ ይረጋጋል ተብሎ ሲታሰብ ሁለተኛው እኩልታ የጊዜ ተርሙን አጥቶ ኤሊፕቲክ ይሆናል፤ ይህ ፓራቦሊክ-ኤሊፕቲክ የሚባለው ዓይነት ለጀማሪ በጣም የሚቀልለው ነው።

የዚህ ሞዴል ትልቁ ጥያቄ የመፍትሔው ፍንዳታ፣ በተለምዶ ብሎው-አፕ የሚባለው ነው፤ ማለትም ጥግግቱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በአንድ ነጥብ ላይ ወሰን አልባ ይሆናል ወይስ አይሆንም። በአንድ ዳይሜንሽን አይሆንም፤ ኦሳኪና ያጊ በ2001 ይህንን በተሟላ ሁኔታ አሳይተዋል። በሦስት ዳይሜንሽን ደግሞ ሚኻኤል ዊንክለር በ2013 ባወጣው ሥራ፣ ሁለቱም እኩልታዎች ፓራቦሊክ ሆነው በሉል ውስጥ፣ ጠቅላላው የሕዋሳት መጠን የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን የሚፈነዳ የመነሻ ሁኔታ እንደሚገኝ ተረጋግጧል። ወሳኙ ሁለት ዳይሜንሽን ነው፤ በዚያ ፍርዱን የሚሰጠው ጠቅላላ መጠኑ ነው።

ከዘርፉ ውጤቶች ሁሉ ተማሪ በገዛ እጁ ሊሠራው የሚችለው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። ፓራቦሊክ-ኤሊፕቲኩን ዓይነት በሙሉው ፕሌን (ድንበር በሌለው ጠፍጣፋ ገጽ) ላይ እንውሰድ፤ ሁለተኛው እኩልታ የፑዋሶን እኩልታ፣ የስበቱ ኮኤፊሸንት ደግሞ 1 ይሁን። የሕዋሳቱን ጥግግት ከመነሻው ነጥብ ባለው ርቀት ስኩዌር አባዝተን ኢንቴግሬት እናድርግ፤ የተገኘው ሁለተኛ ሞመንት በጊዜ እንዴት እንደሚለወጥ እንፈልግ። ከዲፊውዥኑ የሚመጣው የጠቅላላ መጠኑ 4 እጥፍ ነው። ከስበቱ የሚመጣው፣ በድርብ ኢንቴግራሉ ውስጥ ሁለቱን ተለዋዋጮች አቀያይረን አማካዩን ስንወስድ፣ የርቀቱ ስኩዌር ከላይና ከታች ተጣፍቶ የጠቅላላ መጠኑ ስኩዌር ለ2 ፓይ ተካፍሎ በመቀነስ ምልክት ይቀራል። ሁለቱ ሲደመሩ ውጤቱ ቋሚ ቁጥር ነው፤ ጠቅላላ መጠኑ ከ8 ፓይ ሲበልጥ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ይሆናል። ዘወትር ፖዘቲቭ መሆን ያለበት ኢንቴግራል በቋሚ ፍጥነት እየቀነሰ ዜሮን አልፎ ሊወርድ ስለማይችል፣ መፍትሔው ከዚያ ጊዜ በፊት ማብቃት አለበት። ማረጋገጫው ይኸው ነው፤ በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያልቃል።

የተገላቢጦሹ፣ ማለትም ከ8 ፓይ በታች መፍትሔው ለዘለዓለም መኖሩ፣ ይህን ያህል አይቀልልም፤ ዣን ዶልቦና ቤኗ ፔርታም በ2004 የዘጉት የነጻ ኢነርጂውን ፈንክሽናልና ሎጋሪዝማዊውን የሃርዲ-ሊትልዉድ-ሶቦሌቭ ኢንኢኳሊቲ ተጠቅመው ነው። መጠኑ በትክክል 8 ፓይ ሲሆንና ሁለተኛው ሞመንት ውስን ሲሆን፣ ክምችቱ የሚፈጠረው በማያልቅ ጊዜ መሆኑ በ2008 ታይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ተደጋጋሚ ስሕተት አለ። ወሰን ባለው ዶሜን ላይ፣ ፍሰት በሌለበት የወሰን ሁኔታ፣ 8 ፓይ የሚሠራው መፍትሔው በዲስክ ውስጥ ራዲያል ሲሜትሪ ካለው ብቻ ነው። ሲሜትሪው ከሌለ የሚጠቀሰው ቁጥር 4 ፓይ ነው፤ ምክንያቱም ክምችቱ በድንበሩ ላይ ሊፈጠር ስለሚችልና በለስላሳ ድንበር ላይ ያለ ነጥብ ዙሪያውን ግማሽ ክብ ብቻ ስላለው፣ ግማሽ መጠን ይበቃዋል። የሙሉውን ፕሌን ቴዎረም ጠቅሶ በስኩዌር ዶሜን ላይ ሲሙሌሽን የሚሠራ ጽሑፍ ይህንን ካላስተዋለ ንድፈ ሐሳቡና ሥዕሉ አይገናኙም። በስኩዌር ላይ ደግሞ ማዕዘኖቹ ለስላሳ ስላልሆኑ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል።

ስለ ሲሙሌሽኑም ቢሆን መጠንቀቅ ያሻል። ኮምፒውተር ወሰን አልባነትን አያሳይም። መጠንን የሚጠብቅ የቁጥር ዘዴ ሕዋሳቱን በሙሉ በአንድ የግሪድ ሴል ውስጥ ቢያከማች፣ የከፍታው ጣሪያ ጠቅላላ መጠኑ ለሴሉ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ስለዚህ የግሪዱ እርምጃ በግማሽ ሲቀንስ ጫፉ ወደ 4 እጥፍ ቢያድግ ፍንዳታ አለ ብሎ ለመጠርጠር ምክንያት ይሆናል፤ በአንድ ግሪድ ላይ ብቻ የታየ ረጅም ጫፍ ግን ምንም አያረጋግጥም። ተራው ሴንትራል ዲፈረንስ ጫፉ አጠገብ ኔጌቲቭ ጥግግት ስለሚሰጥ አፕዊንድ ወይም ፖዘቲቭነትን የሚጠብቅ ፋይናይት ቮልዩም ዘዴ መምረጥ ይገባል።

በአጠቃላይ ይህ ሞዴል ለመማር ተወዳዳሪ የለውም፤ አዲስ ውጤት ለማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው። ዬገርና ሉክሃውስ በ1992፣ ናጋይ በ1995 ከከፈቱት በር ብዙ ሰው ገብቶበታል፤ የቀሩት ጥያቄዎች የቀሩት ከባድ ስለሆኑ ነው።

የሎጂስቲክ ዕድገት ያለበት ሞዴል

በሕዋሳቱ እኩልታ ላይ የመራባት ተርምና ከጥግግቱ ስኩዌር ጋር የሚሄድ የፉክክር ሞት ይጨመርበታል። ለአንባቢ ተፈጥሯዊ የሚመስል፣ በሒሳቡም ብዙ የሚያግዝ ጭማሪ ነው፤ በሁለት ዳይሜንሽን የፉክክሩ ኮኤፊሸንት ከዜሮ እስከበለጠ ድረስ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን ፍንዳታን ይከለክላል። በፓራቦሊክ-ኤሊፕቲኩ ዓይነት ቴሎና ዊንክለር በ2007 ለሁሉም ዳይሜንሽን በቂ የሆነ ቅድመ ሁኔታ ሰጥተዋል፤ በሦስት ዳይሜንሽን የፉክክሩ ኮኤፊሸንት ከስበቱ ኮኤፊሸንት ሲሶ መብለጥ አለበት ማለት ነው። ሁለቱም እኩልታዎች ፓራቦሊክ ሲሆኑ በሦስት ዳይሜንሽን ኮኤፊሸንቱ በበቂ ሁኔታ ትልቅ መሆን ይኖርበታል፤ ትንሽ ሲሆን የተረጋገጠው የደካማ መፍትሔ (እኩልታውን በኢንቴግራል መልኩ ብቻ የሚያሟላ፣ ለስላሳነቱ ያልተረጋገጠ መፍትሔ) መኖር ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው የሚከፈልበት ዋጋ ነው። ሕዋሳቱ ስለሚወለዱና ስለሚሞቱ ጠቅላላ መጠኑ ቋሚ መሆኑ ይቀራል፤ የሚገኘው የላይ ወሰን ብቻ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን የነጻ ኢነርጂው ፈንክሽናል በጊዜ እየቀነሰ መሄዱ መቅረቱ ነው፤ ስለዚህ “መፍትሔው በረጅም ጊዜ ወዴት ይሄዳል?” የሚለው ጥያቄ ከቀላሉ ሞዴል ይልቅ ይከብዳል። የመፍትሔውን መኖርና ወሰን ማሳየት የሚፈልግ ሰው ይህንን ይምረጥ፤ የረጅም ጊዜ ጠባይን የሚፈልግ ሁለት ጊዜ ያስብበት።

ቦታ የመሙላት ሞዴል

ሂለንና ፔይንተር በ2001 ያቀረቡት ይህ ሞዴል ሕዋስ ቦታ እንደሚይዝ ያስባል፦ በመንዝ ብርድ በረት ውስጥ የተጠጋጉ በጎች ቢተፋፈጉም አንዱ በሌላው ላይ እንደማይቆም ሁሉ፣ ጥግግቱ ሙሉ ሲሆን ወደዚያ የሚደረገው ፍሰት ዜሮ ይሆናል። መነሻው በ0 እና በ1 መካከል ከሆነ መፍትሔውም ሁልጊዜ በዚያው ይቆያል፤ ይህም በንጽጽር ፕሪንሲፕል በቀላሉ ይታያል። የፍንዳታ ጥያቄ ገና ከመጀመሪያው ተዘግቷል።

ታዲያ ምን ይቀራል? የክምችቶቹ ቅርጽ፣ ብዛታቸውና ቀስ በቀስ መዋሐዳቸው ይቀራል። በአንድ ዳይሜንሽን ብዙ ጫፎች ለረጅም ጊዜ የረጉ መስለው ቆይተው ድንገት ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ይታያል። ከማረጋገጫ ይልቅ በስሌትና በሥዕል ለሚበረታ ተማሪ፣ በአንድ ተራ ላፕቶፕ ብቻ አሳማኝ ሥራ የሚሠራበት ሞዴል ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኬሚካሉን የሚበላ ሞዴል

ሕዋሳቱ ኬሚካሉን አያመነጩም፣ ይበሉታል። በማክሲመም ፕሪንሲፕል የኬሚካሉ ክምችት ከመነሻው ከፍተኛ ዋጋ አይበልጥም፤ ይህ ምንም ሳይለፉ የሚገኝ ወሰን ነው። ዩሻን ታኦ በ2011 ባሳየው መሠረት የስበቱ ኮኤፊሸንትና የመነሻው ከፍተኛ ክምችት ብዜት በበቂ ሁኔታ ትንሽ ከሆነ፣ በማንኛውም ዳይሜንሽን መፍትሔው ለዘለዓለም ይኖራል፣ ወሰንም አለው። በሁለት ዳይሜንሽን ይህ ቅድመ ሁኔታ አያስፈልግም። በሦስት ዳይሜንሽን ለትልቅ መነሻ ታኦና ዊንክለር በ2012 ያረጋገጡት የደካማ መፍትሔን መኖርና ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ለስላሳ መሆኑን ነው።

የባቄላው ሥር ጥያቄ የሚገባው እዚህ ነው። ሥሩን እንደ ድንበር ወስዶ ኬሚካሉ በዚያ ድንበር በኩል ይገባል ማለት ይቻላል፤ ያኔ የተለመደው ፍሰት የለሽ የወሰን ሁኔታ ይለወጥና የታወቁት ማረጋገጫዎች እንዳሉ አይሠሩም። የትኛው እርምጃ እንደሚፈርስና የትኛው እንደሚድን መመርመር፣ በተለይም በአንድና በሁለት ዳይሜንሽን፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ልኩ የሆነ ሥራ ነው።

ለጀማሪ የማይመከሩት

ሎጋሪዝማዊ ስበት ያለበት ሞዴል፣ ማለትም ሕዋሳቱ የኬሚካሉን ሎጋሪዝም ግራዲየንት የሚከተሉበት፣ በአድለር ቱቦ ውስጥ የታየውን ተጓዥ የባክቴሪያ ባንድ በሚገባ ይገልጻል፤ ኬለርና ሲገልም በ1971 የተጠቀሙበት ለዚሁ ነው። ነገር ግን ኬሚካሉ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ስበቱ ወሰን ስለሌለው እያንዳንዱ ኤስቲሜት የታችኛውን ወሰን አስቀድሞ ይጠይቃል። የፈሳሽን እንቅስቃሴ ከሚገልጹት ከናቪየር-ስቶክስ እኩልታዎች ጋር የተጣመረው ሞዴል ደግሞ በሁለት ዳይሜንሽን በ2012 መልስ ቢያገኝም፣ በሦስት ዳይሜንሽን የፈሳሹ እኩልታ ራሱ ያልተፈታ ጥያቄ ነው። ስሙ ስለሚያምር ብቻ የሚመርጡት አሉ፤ አይበጅም።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ሞዴል | ኬሚካሉን የሚያመነጨው | በነጻ የሚገኘው ወሰን | በሁለት ዳይሜንሽን ፍንዳታ | የሚጠይቀው ዝግጅት |
|---|---|---|---|---|
| ቀላሉ ኬለር-ሲገል | ሕዋሳቱ | ቋሚ ጠቅላላ መጠን፣ ነጻ ኢነርጂ | መጠኑ ወሳኝ ነው | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| ከሎጂስቲክ ጋር | ሕዋሳቱ | የጠቅላላ መጠን የላይ ወሰን | የለም | መካከለኛ |
| ቦታ የመሙላት | ሕዋሳቱ | ጥግግት በ0 እና በ1 መካከል | የለም | ዝቅተኛ፤ ስሌቱ ይበዛል |
| ኬሚካሉን የሚበላ | ከሕዋሳቱ ውጭ | የኬሚካሉ የላይ ወሰን፣ ቋሚ ጠቅላላ መጠን | የለም | መካከለኛ |
| ሎጋሪዝማዊ ስበት | እንደ ሞዴሉ ይለያያል | ጥቂት | እንደ ስበቱ መጠን ይለያያል | ከፍተኛ |
| ከፈሳሽ ጋር የተጣመረ | ከሕዋሳቱ ውጭ | የኬሚካሉ የላይ ወሰን | የለም | በጣም ከፍተኛ |

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

በክረምት መርሐ ግብር የሚማር፣ በበጋው በመንዝ ወይም በአንኮበር የሚያስተምር መምህር፣ ጊዜው የተቆራረጠ ስለሆነ ቦታ የመሙላት ሞዴልን ወይም ቀላሉን ኬለር-ሲገል በአንድ ዳይሜንሽን ቢይዝ ይሻለዋል። ኮምፒውተር ሳይነካ የሚጀምርበት ስሌትም አለ፦ በቀላሉ ሞዴል ላይ የዲፊውዥን፣ የመመንጨትና የመፍረስ ኮኤፊሸንቶች ሁሉ 1 ሲሆኑና ርዝመቱ ፓይ በሆነ ኢንተርቫል ላይ ፍሰት በሌለበት የወሰን ሁኔታ፣ ወጥ የሆነው ስርጭት የሚናጋው የስበቱ ኮኤፊሸንትና የአማካይ ጥግግቱ ብዜት ከ2 ሲበልጥ ነው። ይህንን በኮሳይን ሞዶች መስመራዊ ትንተና በወረቀት አግኝቶ ከዚያ ከ2 በታችና ከ2 በላይ ሲሙሌሽን ማስኬድ፣ ኮዱ ትክክል መሆኑንም አብሮ ይፈትሻል።

የፈንክሽናል አናሊሲስና የሶቦሌቭ ስፔስ ኮርስ በሚገባ የወሰደ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ኬሚካሉን የሚበላውን ሞዴል ቢመርጥ ልፋቱ ይከፈለዋል፤ ሎጂስቲኩ ሁለተኛ ምርጫው ይሁን። ወደ ፒኤችዲ ለመሄድ ያሰበ ደግሞ አዲስ ውጤት ባይጠብቅም የ8 ፓይን ማረጋገጫ በሁለቱም አቅጣጫ አሟልቶ መጻፍ ይጠቅመዋል፤ የኋላ መሣሪያዎቹ በሙሉ እዚያ ውስጥ አሉ።

በገንዘብ በኩል ማንም ሊጨነቅ አይገባም። ማትላብና ኮምሶል የሚከፈልባቸው ፈቃድ ይፈልጋሉ፤ ፓይተን፣ ፍሪፌምና ፌኒክስ ግን በነጻ ይገኛሉ፣ ለአንድ ዳይሜንሽን ሥራም ፓይተን ብቻውን ይበቃል። አርካይቭ (arXiv) ከተባለው የጥናት ጽሑፎች ድረ ገጽ የሚወርዱት ጽሑፎችም ነጻ ናቸው፤ ኔትወርኩ ደህና በሆነበት ሰዓት የሚያስፈልጉትን ሁሉ አንድ ላይ አውርዶ ማስቀመጥ ይሻላል። በሁለት ዳይሜንሽን ረጅም ሲሙሌሽን የሚያስኬድ ሰው ኮዱ በየተወሰነ እርምጃ ውጤቱን ወደ ፋይል እንዲጽፍ ያድርግ፤ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ስሌት መብራት በሄደ ቁጥር ከዜሮ መጀመር የለበትም።